ትንሽ የዓሣ ገንዳ ከዓሣ አይጀመርም

ጥያቄ፦ «የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ላይ ነው። ለልጄ ልደት 30 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ከትንሽ የስፖንጅ ማጣሪያ፣ ከሁለት ወርቅማ ዓሣዎችና ከስድስት ጉፒዎች ጋር ገዛሁ። ንጽሕናውን ለመጠበቅ ብዬ በየሳምንቱ ቅዳሜ ዓሣዎቹን አውጥቼ ውሃውን በሙሉ እደፋለሁ፤ ጠጠሩንና ስፖንጁን በሳሙና አጥቤ በቧንቧ ውሃ እሞላዋለሁ። ወር ሳይሞላ አምስት ጉፒዎች ሞቱ። የቀሩት ዓሣዎች ደግሞ ጠዋት ጠዋት የውሃው ገጽ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ወንድሜ ከዝዋይ ሐይቅ ቀንድ አውጣና የውሃ ተክል ላምጣልሽ ይለኛል። ትናንሽ ቀይ ሽሪምፕ የሚሸጥ ሰውም አግኝቻለሁ። ዓሣዎቼ ለምን ይሞታሉ? ሁሉንም አንድ ላይ ማኖርስ እችላለሁ?»

ምላሽ፦ ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር። አዎ፣ ተክል፣ ቀንድ አውጣ፣ ሽሪምፕና ትንንሽ ዓሣ በ30 ሊትር ውሃ ውስጥ ተስማምተው ለዓመታት ሊኖሩ ይችላሉ። ነገር ግን ሁለቱ ወርቅማ ዓሣዎች ከዚያ ገንዳ መውጣት አለባቸው፤ ወንድምዎም ከዝዋይ ምንም ነገር ማምጣት የለባቸውም። ምክንያቱን በየቦታው እመጣበታለሁ።

ዓሣዎቹን የገደላቸው የቅዳሜው እጥበት ነው። ይህን የምለው ጥንቃቄዎን ለመንቀፍ አይደለም። የታጠበ ዕቃ ንጹሕ ነው ብሎ ማሰብ ለሳህንና ለብርጭቆ ትክክል ነው፤ ለዓሣ ገንዳ ግን አይሠራም። ዓሣ ከሚበላው ምግብ የሚተርፈውን ናይትሮጅን በአብዛኛው በስንጥቡ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ በሚተነፍስበት አካሉ በኩል አሞኒያ አድርጎ ወደ ውሃው ይለቀዋል። ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ያ አሞኒያ ተበትኖ ይጠፋል። 30 ሊትር ውስጥ ግን መሄጃ የለውም፤ ተጠራቅሞ ስንጥቡን ያቃጥለዋል። ዓሣውን የሚታደጉት በጠጠሩ፣ በስፖንጁና በተክሉ ቅጠል ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣውን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም አድርጎ ቡናማ ያደርገዋል። ናይትሬት ግን መጠኑ እጅግ ካልበዛ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ተክልም ይመገበዋል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚራቡት በዝግታ ነው። ምግብ የሚያበላሹት ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች ውስጥ እጥፍ ሲሆኑ፣ እነዚህ ግን በተመቻቸ ሁኔታ እንኳ የአንድ ቀን ያህል ይፈልጋሉ። አዲስ ገንዳ ውስጥ በቂ ሆነው እስኪገኙ በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ከዚያም ይረዝማል። እርስዎ በየቅዳሜው ጠጠሩንና ስፖንጁን በሳሙናና ክሎሪን ባለው ውሃ ሲያጥቡ የሳምንቱን ልማት በሙሉ ያጠፉታል። ስለዚህ ገንዳዎ ወር ቢሆነውም ዕድሜው ሁልጊዜ ከአንድ ሳምንት አያልፍም። ለዓሣዎቹ እያንዳንዱ ሳምንት እንደገና የመጀመሪያው፣ ማለትም አደገኛው ሳምንት ነበር።

ጠዋት ጠዋት አፋቸውን ከውሃው ገጽ ላይ የሚያደርጉት ስንጥባቸው ስለተጎዳ ነው፤ በዚያ ላይ ሌላ ምክንያት ይጨመርበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ የሚይዘው የኦክስጅን መጠንም ይቀንሳል። በባሕር ጠረፍ ከተማ 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል። ያው ውሃ አዲስ አበባ ውስጥ ከ6.2 ብዙም አያልፍም፤ ሩብ ያህሉ ጎድሏል ማለት ነው። ስለ ዓሣ ገንዳ የሚጻፉት መመሪያዎች ከሞላ ጎደል በሙሉ ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፉ ናቸው። «ለዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚለውን ቁጥር በአዲስ አበባ፣ በደሴ፣ በደብረ ብርሃን ወይም በአስመራ የሚኖር ሰው እንዳለ መውሰድ የለበትም። እኔ ለደጋ ነዋሪ የምመክረው የተጻፈውን በግማሽ እንዲቀንስ ነው። የስፖንጅ ማጣሪያው የአየር ፓምፕም ሌሊቱን በሙሉ ይሥራ፤ ለእንቅልፍ ይረብሻል ተብሎ ፓምፑ የሚዘጋው ልክ ኦክስጅን እጅግ በሚያንስበት ሰዓት ነው። አረፋው ራሱ ውሃውን ያን ያህል አይመግበውም፤ ዋናው ጥቅሙ የውሃውን ገጽ ማናወጡ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። አብዛኛው ሰው ዓሣ ይገዛል፣ ከዚያ ጌጥ እንዲሆን ተክል ይጨምራል፣ ቀንድ አውጣው ሳይጠራ ከተክሉ ጋር ይመጣል። ለትንሽ ገንዳ ትክክለኛው መንገድ ተክል መጀመሪያ፣ ቀንድ አውጣ ሁለተኛ፣ ሽሪምፕ ሦስተኛ፣ ዓሣ መጨረሻ ነው። እያንዳንዱ ለሚቀጥለው ቤት ይሠራለታል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1849 ሮበርት ዋሪንግተን የሚባል የለንደን ኬሚስት ሁለት ትንንሽ ወርቅማ ዓሣዎችን ቫሊስኔሪያ ከሚባል ረጅም ቅጠል ካለው የውሃ ተክል ጋር በመስታወት ዕቃ ውስጥ አኖረ። ተክሉ ኦክስጅን ይሰጣል፣ ዓሣው ይተነፍሳል፤ እስከዚህ ድረስ እንዳሰበው ሆነ። ግን የተክሉ አሮጌ ቅጠሎች እየበሰበሱ ውሃውን አደፈረሱት። ዋሪንግተን ጥቂት የኩሬ ቀንድ አውጣዎች ሲጨምር፣ ቀንድ አውጣዎቹ የበሰበሰውን በልተው ውሃውን መልሰው አጠሩት። ውጤቱን በ1850 አሳተመ። ስለ ባክቴሪያዎቹ ሥራ በዚያን ጊዜ የሚታወቅ ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን የተክል፣ የቀንድ አውጣና የዓሣ ሦስትዮሽ እስከ ዛሬ የትንሽ ገንዳ መሠረት ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ገንዳ እንመለስ። በጠጠርና በውሃ ሲሞላ ከ40 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን ጠንካራና ለጥ ያለ ጠረጴዛ ይፈልጋል። ፀሐይ በቀጥታ በሚገባበት መስኮት አጠገብ አያስቀምጡት፤ ትንሽ ውሃ ቀን ቶሎ ይሞቃል፣ ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ አልጌም ይወርሰዋል። የቧንቧውን ውሃ አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ቀድተው ቢያንስ ለአንድ ቀን ክፍቱን ያቆዩት፤ አልፎ አልፎ ያማስሉት። ክሎሪኑ ወደ አየር ይወጣል። በሮቶ ውስጥ ቀናት የቆየ ውሃ ከክሎሪን አንጻር ይሻላል፤ ያም ቢሆን በባልዲ ማሳደሩን አይተዉት። (ይህን የሚያነቡና ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖሩ ካሉ ግን ውሃ ማሳደር አይበቃቸውም። እዚያ ከ2000 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ጥቅም ላይ የሚውለው ክሎራሚን ነው፤ እሱ በማሳደር አይወጣም፤ ከዓሣ ዕቃ መሸጫ የሚገኘው የክሎሪን ማጥፊያ ፈሳሽ የግድ ነው።)

ተክል ሲመርጡ የሚያምረውን ሳይሆን የማይሞተውን ይምረጡ። ሴራቶፊለም የሚባለው፣ እንደ ጥድ ቅርንጫፍ ጭፍግ ያለው ተንሳፋፊ ተክል ሥር እንኳ የለውም፤ ውሃ ላይ ጣል ማድረግ ይበቃል። አሞኒያን ከውሃው በቀጥታ ስለሚወስድ ለአዲስ ገንዳ የመጀመሪያው ምርጫዬ እሱ ነው። አኑቢያስ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተክል ነው፤ በደብዛዛ ብርሃን ይኖራል። ሲተክሉት አግድም የሚሄደውን ወፍራም ግንድ ጠጠር ውስጥ አይቅበሩት፣ ይበሰብሳል፤ በክር ድንጋይ ላይ ማሰር ነው። ጃቫ ሞስ የሚባለው ጥቅጥቅ ያለ ደቃቅ ተክል ደግሞ ለሽሪምፕ ጫጩቶች መደበቂያ ይሆናል። መብራት በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይበቃል፤ ከዚያ ሲበልጥ የሚጠቀመው አልጌው ነው። ለጌጥ የዛፍ ግንድ ማስገባት ቢፈልጉ የብርብራን እንጨት አደራ አይንኩት። የፍሬው ዱቄት በአገራችን ዓሣ አደንዝዞ ለማጥመድ ሲያገለግል የኖረ ነው፤ ውስጡ ሮቴኖን የሚባል የዓሣ መርዝ አለ።

ተክሎቹ ገብተው ማጣሪያው እየሠራ ገንዳውን ያለ ዓሣ ይተዉት። ባክቴሪያዎቹ የሚመገቡት እንዲያገኙ በሁለት ቀን አንዴ ቁንጥር የማትሞላ የዓሣ ምግብ ጣል ያድርጉ፤ ስትበሰብስ አሞኒያ ትሰጣለች። በዚህ ጊዜ መስታወቱ ላይ ቡናማ ነገር ሊለጠፍ፣ ውሃውም ወተት መስሎ ሊደፈርስ ይችላል። አይንኩት፤ በራሱ ጊዜ ይጠራል። የአሞኒያና የናይትራይት መለኪያ ፈሳሽ ማግኘት ከቻሉ ከማንኛውም ጌጥ በፊት እሱን ይግዙ። ሁለቱም ዜሮ ሆነው፣ ናይትሬት ብቻ ሲታይ ገንዳው ደርሷል።

ቀንድ አውጣው በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ሊገባ ይችላል። እዚህ ላይ ወንድምዎን አጥብቀው ይከልክሏቸው። በዝዋይም ሆነ በሌሎች የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ በጣናም፣ በየወንዙና በየመስኖ ቦዩ ባዮምፋላሪያ የሚባሉ ቀንድ አውጣዎች ይገኛሉ። የአንጀት ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነሱ ናቸው። ቅርፊታቸው እንደ ተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ ነው፤ በገንዳ ውስጥ ከሚረቡት፣ ራምስሆርን ከሚባሉት ጉዳት የለሽ ቀንድ አውጣዎች ጋር ሲያዩአቸው አንድ ናቸው፣ ዝምድናም አላቸው። የተለከፈ ቀንድ አውጣ በዓይን የማይለይ ተውሳክ ለሳምንታት፣ ለወራትም ወደ ውሃው ይለቃል። ተውሳኩ በቆዳ በኩል ይገባል፤ ልጅዎ እጁን ገንዳው ውስጥ መንከሩ ይበቃል። ከሐይቅ የተነቀለ ተክልም በቅጠሉ ሥር የምስር ፍሬ የማያህሉ ቀንድ አውጣዎችን ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ እሱም ይቅር። በገንዳ ውስጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲረባ የኖረ ቀንድ አውጣ ግን ይህ ሥጋት የለበትም፤ ተውሳኩ ዑደቱን ለመቀጠል የሰው ዓይነ ምድር ውሃው ውስጥ መግባት አለበትና። ገንዳ ካለው ሰው ሦስት አራት ይለምኑ፤ ማንም በደስታ ይሰጥዎታል፣ ስለሚበዙበት።

ስለ ቀንድ አውጣ ካነሳን እንዶድን ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ከዚያ ተነስተው እንዶድ ቢልሃርዚያን ለመከላከል እንዲውል ዕድሜያቸውን የሰጡበት ምርምር በዓለም ዙሪያ ታወቀ። ለእኛ ገንዳ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ እንዶድ ቀንድ አውጣን ብቻ ሳይሆን ዓሣንም ይገድላል። ገንዳ በእንዶድም በሳሙናም አይታጠብም። መስታወቱን ለማጽዳት ንጹሕ ስፖንጅና የእጅ ጉልበት ይበቃሉ።

ቀንድ አውጣዎቹ ከመጠን በላይ ከበዙ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ የምግብ ትራፊ አለ ማለት ነው። ምግቡን ሲቀንሱ ቁጥራቸው በራሱ ይወርዳል። ቅርፊታቸው እየነጣና እየተቦረቦረ ከሄደ ውሃው ካልሲየም አንሶታል። በአዲስ አበባ የውሃው ጠባይ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ከሚመጣው ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል። ማዕድን ባነሰው ውሃ ውስጥ የተቀቀለና የታጠበ የእንቁላል ቅርፊት ወይም ትንሽ የኖራ ድንጋይ ቁራጭ ማስቀመጥ ይረዳል።

ሽሪምፑ የሚገባው ገንዳው ሁለት ወር ሲሞላው ነው። ሰውየው የሚሸጠው ቼሪ የሚባለውን ከሆነ ጥሩ ምርጫ ነው። ከ18 እስከ 26 ዲግሪ ይስማማዋል፤ ስለዚህ ከብዙ ዓሣዎች ይልቅ ለአዲስ አበባ ቤት ይመቻል። ስምንት ወይም አሥር ይግዙ። መቸኮል የሌለበት ምግባቸው በሱቅ ስለማይገኝ ነው፤ በቅጠልና በድንጋይ ላይ በጊዜ ብዛት የሚለብሰውን ስስ ሽፋን ነው ቀኑን ሙሉ የሚለቅሙት። ተጠግተው ይመልከቷቸው። ከፊት ያሉት ትንንሽ እግሮች ጫፋቸው እንደ ብሩሽ ነው፤ ተራ በተራ ቅጠሉን ይዳስሱና ወደ አፍ ይመለሳሉ፣ ለአፍታ አያርፉም። የደረሰች ሴት ከሆዷ ሥር ቢጫ ወይም አረንጓዴ እንቁላሎች ታቅፋ ያገኟታል፤ የሆድ እግሮቿን እያራገበች ንጹሕ ውሃ ታደርስላቸዋለች። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ጫጩቶቹ ይፈለፈላሉ፤ መጠናቸው እንጂ መልካቸው ከእናታቸው አይለይም። አንድ ቀን ደግሞ ጠጠሩ ላይ ባዶ፣ የሚያሳልፍ የሽሪምፕ ቅርፊት ተጋድሞ ያያሉ። ልጅዎ ሞተ ብሎ እንዳያዝን አስቀድመው ይንገሩት፤ ሽሪምፕ የሚያድገው ቅርፊቱን እየገፈፈ ነው። ባዶውን አያውጡት፤ ሽሪምፖቹ ማዕድኑን መልሰው ይበሉታል።

ሽሪምፕን በቤት ውስጥ በአንድ ሌሊት የሚጨርሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ መዳብ ነው፤ ለዓሣ በሽታ ከሚሸጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ መዳብ አለባቸው፤ ዓሣውን ሲያድኑ ሽሪምፑንና ቀንድ አውጣውን ይገድላሉ። ሌላው የበረሮና የትንኝ መርጫ ነው። ሽሪምፕ ለነፍሳት ዘመድ ነው፤ በረሮን ለመግደል የተሠራ መርዝ እሱን የሚያጠፋው በእጅግ አነስተኛ መጠን ነው። የአየር ፓምፑ ከክፍሉ አየር እየሳበ በቀጥታ ውሃው ውስጥ ያስገባዋል። ገንዳው ባለበት ክፍል መርጫ አይነፋ፤ እጅዎ ላይ ቅባት ወይም ሎሽን ካለም ታጥበው፣ አለቅልቀው ይግቡ።

አሁን ወደ ዓሣው። ለእርስዎ ገንዳ የምመክረው አራት ወይም አምስት ወንድ ጉፒዎችን ብቻ ነው። በቀለም ያማረው ወንዱ ነው። ሴት ከጨመሩ በየወሩ ገደማ ትወልዳለች፤ የወንዱን ዘር ለወራት በሆዷ ማቆየት ስለምትችል ብቻዋን ብትገዛም መውለዷ አይቀርም። በሦስት ወር ውስጥ ገንዳው ይጨናነቃል፤ አሁን ያመለጡት አሞኒያም ይመለሳል። ጉፒዎቹ አንዳንድ የሽሪምፕ ጫጩት ይበላሉ፤ ሞሱ ከጠቀጠቀ ግን የሚበቃው ይተርፋል። ሁሉንም በአንድ ቀን አያስገቡ። ሁለቱን አስገብተው፣ ሁለት ሳምንት ቆይተው ቀሪዎቹን ይጨምሩ። ሙቀቱ ከ22 እስከ 25 ዲግሪ እንዲሆን ባለ 50 ዋት ማሞቂያ ይበቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ያለ ማሞቂያ ጉፒ ማኖር በሽታ መጥራት ነው። ማሞቂያ ከሌለ ዓሣውን ትተው በሽሪምፕና በቀንድ አውጣ ብቻ ቢቀጥሉ እመርጣለሁ፤ የሽሪምፕ ገንዳ በራሱ ሙሉ ገንዳ ነው።

መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ ዙሪያውን ይሸፍኑት፤ ላዩን ግን አየር እንዲገባ ክፍት ይተዉት። ምግብ አይስጡ። ማጣሪያው ስለቆመ በየግማሽ ሰዓቱ በኩባያ ውሃ እየቀዱ ከጥቂት ከፍታ መልሶ ማፍሰስ ዓሣውን ያቆየዋል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ካገኙ ግን ገንዘቡ አይቆጭዎትም።

የሳምንቱ ሥራ ከእንግዲህ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። በቀጭን ጎማ ከጠጠሩ መሐል ቆሻሻውን እየሳቡ ስድስት ሊትር ያህል ያውጡ፤ ያደረ፣ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር የተቀራረበ ውሃ ቀስ አድርገው ይተኩ። ስፖንጁ ውሃ ማሳለፍ ካቃተው ከገንዳው በወጣው ውሃ ውስጥ ጭምቅ ጭምቅ አድርገው ይመልሱት፤ ቧንቧ ሥር አይግባ። ጠጠሩ አይታጠብም። የወጣው ውሃ ለበረንዳ አበባ ማዳበሪያ ነው። ምግብ በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አልቆ መሬት ሳይደርስ የሚጠፋውን ያህል ብቻ። ዓሣዎቹ በሳምንት አንድ ቀን ጾም ይዋሉ። የዳቦ ፍርፋሪና እንጀራ አይሆንም፤ ልጆች ዓሣው የራበው እየመሰላቸው ደጋግመው ይጨምራሉና ዕቃውን እላይ ያስቀምጡት።

የቀሩት ሁለቱ ወርቅማ ዓሣዎች ጉዳይ ይቀራል። ወርቅማ ዓሣ በደንብ ከተያዘ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፣ ከአሥር ዓመት በላይም ይኖራል፤ ለስላሳ ተክል ይበላል፣ ሽሪምፕ ካገኘም ይውጣል፣ አሞኒያውም ብዙ ነው። ግቢው ውስጥ ሰፊ የውሃ ገንዳ ያለው ሰው ወይም ሆቴል ይፈልጉላቸው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚችሉ የአዲስ አበባ አየር አይከብዳቸውም። እስከዚያ ድረስ አሁን ባሉበት ገንዳ ይቆዩ፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሉውን መድፋት ይቁምና በየሁለት ቀኑ ሩቡን ያህል ባደረ ውሃ ይተኩላቸው፤ የቀረችው ጉፒም አብራ ትተርፋለች። ሌላ የሚወስዳቸው ጠፋ ተብሎ ግን ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ አይለቀቁ፤ የተረፈ ተክልም አይጣል። ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ የዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ እንቦጭ በዚያው ሐይቅ ላይ ያደረሰውን ሁላችንም አይተናል፤ እሱም ከውጭ የገባ የውሃ ተክል ነው። ከገንዳ የሚወጣ ተክል ፀሐይ ላይ ደርቆ ወደ አበባ ማሰሮ ይግባ። ገንዳው ከወርቅማ ዓሣዎቹ ነጻ በወጣ ዕለት ጠጠሩንና ስፖንጁን ሳያጥቡ ሴራቶፊለሙን ይጨምሩበት፤ የሁለት ወሩ ቆጠራ ከዚያ ይጀምራል።